ኡቡንቱን አጠፋን፤ ዊንዶውስ ለምን እምቢ አለ?

ላፕቶፓችሁ ላይ ሁለት ስርዓተ ክወናዎች ነበሩ እንበል፤ ዊንዶውስ እና ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ። ኡቡንቱን ለጥቂት ወራት ሞከራችሁት፣ ወደዳችሁትም፤ ኋላ ግን ዲስኩ ሞላና ቦታ ጠበበ። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ኡቡንቱ የተቀመጠበትን የዲስክ ክፍል፣ ማለትም ፓርቲሽኑን፣ ሰረዛችሁት። ምንም ችግር አልታየም። ዊንዶውስ እንደወትሮው ይሠራ ነበር። ማታ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ተኛችሁ።

ጠዋት ስትከፍቱት ዊንዶውስ የለም። ያለው ጥቁር ስክሪን፣ «ግረብ» የሚል አንድ ቃል፣ ከጎኑም ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ነው። በቃ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የቤተሰብ ፎቶው፣ የሦስት ዓመት ማስታወሻው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

በዚህ ጊዜ ከጓደኛም ሆነ ከጥገና ሱቅ በብዛት የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ እንደገና ይጫን» የሚል ነው። ቆዩ! እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ ጨርሱት። በዚህ ዓይነት ብልሽት ፋይሎቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆኑም። ዊንዶውስም ራሱ አልተበላሸም። የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው። መንገድ ጠፋ ተብሎ ደግሞ ቤት አይፈርስም።

ባዶውን የሚነሳ ማሽን

ኮምፒውተር ሲጠፋ ራም የምንለው ማህደረ ትውስታ ባዶ ይሆናል። መብራት ድንገት ሲሄድ ሴቭ ያላደረጋችሁት ጽሑፍ የሚጠፋው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ማብሪያውን ስትጫኑ ራም ውስጥ አንድም ፕሮግራም የለም። ዊንዶውስ ያለው ዲስክ ላይ ነው። ከዲስክ ወደ ራም ለማምጣት ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ያንን ፕሮግራምስ ማን ያመጣዋል? የዶሮዋና የእንቁላሉ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

«ቡት ማድረግ» የሚለው አነጋገርም የመጣው ከዚሁ እንቆቅልሽ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የማይቻል ነገርን ሲገልጹ «የራስን ቦት ጫማ ማንጠልጠያ ይዞ ራስን ከመሬት ማንሳት» ይሉ ነበር። ኮምፒውተር በየቀኑ የሚያደርገው ይህንን ይመስላል።

መፍትሔው የዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። የመጀመሪያው ሯጭ ፈርምዌር ይባላል። ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስለተቀመጠ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይጠፋም። ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዲስኩን ቀስቅሶ ይፈትሻል። ከዚያ ዱላውን ለሁለተኛው ሯጭ፣ ለቡት ሎደር ያቀብላል። ቡት ሎደር ዲስክ ላይ ያለ አነስተኛ ፕሮግራም ነው፤ ዋና ሥራው የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ፈልጎ ራም ውስጥ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ሯጭ ከርነሉ ነው። እሱ ዱላውን ከያዘ በኋላ ሁለቱ ቀዳሚዎች በአብዛኛው ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ማታ ፓርቲሽኑን ስትሰርዙ ምንም ያልተሰማችሁ ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ዱላው ዊንዶውስ እጅ ነበር። የሁለተኛው ሯጭ አለመኖር የሚታወቀው ውድድሩ እንደገና ሲጀመር፣ ማለትም በሚቀጥለው ማብራት ላይ ነው።

ዘበኛውና ደብተሩ

ሁለት ስርዓተ ክወና ያለበትን ኮምፒውተር ሁለት ቤተሰብ እንደሚኖርበት ግቢ አስቡት። መጀመሪያ የነበረው ዊንዶውስ ነው፤ የራሱ ዘበኛም ነበረው። ኋላ ኡቡንቱ ሲገባ የራሱን ዘበኛ ይዞ መጣ። ስሙ ግረብ ነው። ግረብን በ1995 መጻፍ የጀመረው ኤሪክ ቦሊን የተባለ ፕሮግራመር ሲሆን፣ ከጅምሩ የታሰበው የተለያዩ ስርዓተ ክወናዎችን ማስነሳት እንዲችል ተደርጎ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ «ኡቡንቱ ነው ዊንዶውስ የምትፈልጉት?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩን ስታበሩ ታዩት የነበረው የምርጫ ዝርዝር የእሱ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። ግረብ በሩ ላይ ይቁም እንጂ ደብተሩን የሚያስቀምጠው ኡቡንቱ ክፍል ውስጥ ነው። የትኛው ስርዓት የት እንዳለ፣ ዝርዝሩ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ የተጻፈው እዚያ ነው። የኡቡንቱን ፓርቲሽን ስትሰርዙ ክፍሉን ከነደብተሩ አፈረሳችሁት። ዘበኛው ግን በሩ ላይ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ደብተሩን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ካያችሁ እያለ ያለው በትክክል ይህንን ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ቡናውን እየጠጣ ነው፤ ማንም አልጠራውም።

አሮጌው በርና 446 ባይት

ጥገናው እንደ ኮምፒውተራችሁ ዕድሜ ስለሚለያይ ሁለቱን የበር ዓይነቶች እንለያቸው።

አሮጌው ባዮስ ይባላል። በ1981 አይቢኤም ካወጣው የመጀመሪያ ፒሲ ጋር የመጣ ነው። ባዮስ ስለ ፋይልም ሆነ ስለ ፎልደር የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር አንብቦ እዚያ ያገኘውን ፕሮግራም ማስኬድ። ይህ ሴክተር 512 ባይት ሲሆን ኤምቢአር ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ 64ቱ ባይት የፓርቲሽኖቹን ዝርዝር ይይዛሉ፤ የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። ለፕሮግራሙ የሚተርፈው 446 ባይት ነው።

446 ባይት ምን ያህል ነው? አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 446 ባይት ውስጥ የሚገባው 148 ፊደል ነው፤ ለአንድ አጭር አንቀጽ እንኳን አይበቃም። ግረብ እዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ጫፉን እዚህ ያስቀምጥና የቀረውን አካሉን ሌላ ቦታ፣ በተለይም በሊኑክስ ፓርቲሽን ላይ ያኖራል። ፓርቲሽኑ ሲሄድ ጫፉ ብቻውን ይቀራል።

አዲሱ በር

አዲሱ ፈርምዌር ዩኢኤፍአይ ይባላል። ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ሥራ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ብዙ ኩባንያዎች ያሉበት ማኅበር ይመራዋል። ዊንዶውስ 8 በ2012 ከወጣ ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚመጡ ላፕቶፖች በአብዛኛው ይህንን ነው የሚጠቀሙት። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በመስፈርቱ ዩኢኤፍአይን ይጠይቃል።

ዩኢኤፍአይ ከባዮስ ይልቅ ብልህ ነው። ፋይል ማንበብ ይችላል። ለዚህም ዲስኩ ላይ ኢኤስፒ የተባለ ትንሽ ፓርቲሽን አለ፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ100 ሜጋባይት ጀምሮ እስከ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ስርዓት የራሱ ፎልደር አለው፤ አንዱ የማይክሮሶፍት፣ አንዱ የኡቡንቱ። ማዘርቦርዱ ደግሞ «መጀመሪያ ኡቡንቱን ሞክር፣ ካልሆነ የዊንዶውስ ቡት ማናጀርን» የሚል ቅደም ተከተል በራሱ ማስታወሻ ይይዛል።

መልካሙ ዜና እዚህ ላይ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን የዊንዶውስን ቡት ሎደር አይደመስሰውም፤ ከጎኑ ተቀምጦ ራሱን ከዝርዝሩ አናት ላይ ያደርጋል እንጂ። የኡቡንቱ ፎልደር ውስጥ ያለችው የግረብ ማስታወሻ ሦስት መስመር ብቻ ናት፤ ይዘቷም ባጭሩ «ዋናው ደብተር እዚያኛው ፓርቲሽን ላይ ነው፤ ሄደህ አንብብ» ነው። ያ ፓርቲሽን ሲጠፋ ግረብ ይቆማል። የዊንዶውሱ ዘበኛ ግን አሁንም እዚያው አለ፤ ተራው ሁለተኛ ስለሆነ ብቻ አልተጠራም።

እንግዲህ እንጠግን

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። ዊንዶውስ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎት ከሆነ፣ የአነሳሱ ሁኔታ ሲለወጥ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ ቁልፉ የሚገኘው በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው። በስልካችሁ ገብታችሁ አግኙትና ወረቀት ላይ ጻፉት። ያለዚያ ቁልፍ የተቆለፈ ዲስክ ለእናንተም ዝግ ነው።

አንደኛ፤ የተሰኩ ፍላሾችንና ውጫዊ ዲስኮችን ንቀሉ። የሚያደናግር ነገር ይቀንሳል።

ሁለተኛ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው «ግረብ» ብቻ ከሆነና «ሬስኪው» የሚል ቃል ካልተጨመረበት፣ ውጣ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ኤግዚት» ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ይህ ለግረብ «አንተ ተወው፤ ለቀጣዩ አቀብል» ማለት ነው። ቀጣዩ ዊንዶውስ ከሆነ ይነሳል። «ሬስኪው» የሚል ካለ ግን ግረብ ጥቂት ትእዛዞች ብቻ ነው የቀሩት፤ ይህን አትጠብቁበት፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሦስተኛ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና ወዲያው የማስነሻ ምርጫውን የሚከፍተውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። ዴል እና ሌኖቮ ላይ በብዛት ኤፍ 12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ወይም ኤፍ 9፤ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። ዝርዝሩ ሲመጣ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ ከተነሳ ተንፍሱ፤ ዋናው ጭንቀት አልቋል። ፋይላችሁን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

አራተኛ፤ ይህ ምርጫ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቋሚ አድርጉት። ወደ ፈርምዌሩ ማስተካከያ ግቡ፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ብዙዎቹ ሌሎች ላይ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ነው። የማስነሻ ቅደም ተከተል የሚለውን ፈልጉና ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን አንደኛ አድርጉት። ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ጥገናው ብዙ ጊዜ እዚህ ያበቃል። አንድም ፋይል አልተነካም፤ የተለወጠው የተራ ቁጥር ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ከሌለና የዲስኩ ስም ብቻ ከታየ፣ ምናልባት ማሽናችሁ በአሮጌው በር የሚሠራ ነው፤ ወይም የዊንዶውሱ ዘበኛም አብሮ ተሰርዟል። ያኔ እርዳታ ከውጭ ይመጣል።

የዊንዶውስ ፍላሽ

በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጁ። ፍላሹ ላይ የነበረው ነገር እንደሚጠፋ አትርሱ። ከዚያ ላፕቶፑን በዚህ ፍላሽ አስነሱት። መጫኛው ሲመጣ እጃችሁን ሰብስቡ! «ጫን» የሚለውን አይደለም፣ «ኮምፒውተሩን ጠግን» የሚለውን ነው የምትመርጡት። ከዚያ ወደ ችግር መፍቻው ገብታችሁ የአነሳስ ጥገና የሚለውን አስኪዱ። አንዳንዴ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ካልበቃ፣ እዚያው ያለውን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ለሁለቱ በሮች ትእዛዙ አንድ አይደለም።

አሮጌው በር ከሆነ የሚያስፈልገው ቡትሬክ የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ፊክስ ኤምቢአር ከሚለው ምርጫ ጋር ሲሰጥ በእነዚያ 446 ባይቶች ላይ የግረብን ጫፍ አንስቶ የዊንዶውስን ይተካበታል። የፓርቲሽኖቹን ዝርዝር አይነካም።

አዲሱ በር ከሆነ ግን ይህ ትእዛዝ «ተሳክቷል» ብሎ ቢመልስም የሚለወጥ ነገር የለም፤ ዩኢኤፍአይ የሚያነሳው ከዚያ ሴክተር አይደለምና። ብዙዎች እዚህ ሰዓታት አጥፍተው፣ ተስፋ ቆርጠው ፎርማት ያደርጋሉ። ለአዲሱ በር የሚሆነው ቢሲዲቡት የሚባለው ነው። ከትእዛዙ ቀጥሎ የዊንዶውስ ፎልደር ያለበትን ድራይቭና የፎልደሩን ስም ትጽፋላችሁ። ልብ በሉ፤ በዚህ መስኮት ውስጥ «ሲ» የነበረው ድራይቭ «ዲ» ወይም ሌላ ሊባል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ድራይቮቹን እየከፈታችሁ የዊንዶውስ ፎልደር የትኛው ውስጥ እንዳለ አረጋግጡ። ትእዛዙ ከዚያ ፎልደር አዲስ የማስነሻ ፋይሎችን ወስዶ ኢኤስፒ ላይ ያስቀምጣል፤ ማለትም አዲስ ዘበኛ ይቀጥራል።

ኢኤስፒው ራሱ ተሰርዞ ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል፤ ፓርቲሽኑ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት። ይቻላል፣ ግን በዚያ ደረጃ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ሌላ ፓርቲሽን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ሁሉም እምቢ ካለ

አሁንም ፎርማት የመጨረሻው እንጂ ሁለተኛው አማራጭ አይደለም። መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ፋይላችሁን ከሚያወጡላችሁ አንዱ ያባረራችሁት ኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱን በፍላሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ሳትጭኑት፣ «ሞክር» የሚለውን መርጣችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ። ከፍላሹ ላይ ሆኖ የዊንዶውስን ፓርቲሽን ይከፍትላችኋል፤ ሰነዶቹንም ወደ ውጫዊ ዲስክ ትገለብጣላችሁ። ቢትሎከር ካለ ያ 48 አኃዝ እዚህም ያስፈልጋል።

ላፕቶፑን ወደ ጥገና ሱቅ ከወሰዳችሁም «ዊንዶውስ አልነሳ አለ» ብላችሁ ብቻ አትስጡ። «ሊኑክስ ነበረበት፣ ፓርቲሽኑን ሰረዝኩት፣ ቡት ሎደሩ ነው የጠፋው፤ ፋይሉ እንዳይነካ» በሉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር የሦስት ዓመት ሥራችሁን ልታድን ትችላለች።

ለሚቀጥለው ጊዜ

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በቅደም ተከተል ስህተት ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ቁልፉን ይረከብ፣ ከዚያ የሚሄደው ይሂድ። ስለዚህ ሊኑክስን ለማንሳት ስታስቡ መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ፣ የቢትሎከር ቁልፋችሁን ጻፉ። ቀጥሎ በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ገና ሊኑክሱ እያለ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ቀይሩና ዊንዶውስን አንደኛ አድርጉት፤ በአሮጌው ማሽን ላይ ደግሞ በቅድሚያ የዊንዶውስን ኤምቢአር መልሱ። አጥፍታችሁ አብሩት። ዊንዶውስ ያለ ግረብ በቀጥታ መነሳቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ሰርዙ። ስትሰርዙ መጠኑን አስተውሉ፤ ያችን ኢኤስፒ የተባለች ትንሽ ፓርቲሽን እንዳትነኳት። ኢኤስፒው ውስጥ የምትቀረው የኡቡንቱ ፎልደር ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነች ብትተዋትም ጉዳት የላትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለተኛ ስርዓተ ክወና መሞከር ያስፈራችሁ ከሆነ፣ አይፍራችሁ። ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሳ ብዙ ሰው የሚማረው አልነሳ ባለው ቀን ነው። እናንተ አሁን ከዚያ ቀን በፊት አውቃችሁታል።